የፋኖሱ የልጅ ልጅ

መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ላይ የሚያነጣጥር ትራፊክ ፖሊስ ያየ ሰው፣ በእጁ የያዛት ሽጉጥ መሳይ የፍጥነት መለኪያ የትናንት ፈጠራ ትመስለዋለች። ዘር ማንዘሯ ሲቆጠር ግን ጨለማ ውስጥ ፋኖስ ይዘው ከተፋጠጡ ሁለት ሰዎች ይደርሳል።

ነገሩን ያሰበው ጋሊሊዮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው መጽሐፉ ላይ ሰፍሯል። ሁለት ሰዎች የተሸፈነ ፋኖስ ይይዛሉ። አንዱ ሽፋኑን ሲገልጥ ሌላው ብርሃኑን እንዳየ የራሱን ይገልጣል። የመጀመሪያው፣ መልሱ ምን ያህል እንደዘገየ ይታዘባል። ጋሊሊዮ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት ሞክሮት መዘግየቱን ሊለይ አልቻለም፤ ብርሃን በቅጽበት ባይደርስ እንኳ እጅግ ፈጣን ነው ብሎ ተወው። ምን ያድርግ? በአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ርቀት ብርሃን ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት የሰከንድ አንድ መቶ ሺህኛ ነው። የሰው እጅ ደግሞ ዓይን ያየውን እስኪታዘዝ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይንቀረፈፋል። ምስኪኑ ሰው የለካው የረዳቱን እጅ ነበር።

ስለዚህ ረዳቱ መባረር ነበረበት። በ1849 ፈረንሳዊው ኢፖሊት ፊዞ አባረረውና በቦታው መስተዋት ተከለ። ከፓሪስ አጠገብ፣ ሱሬን ከሚገኝ ቤት ብርሃን ለቆ 8,633 ሜትር ርቆ ሞንማርትር ላይ ካቆመው መስተዋት አስመለሰው። በጨረሩ መንገድ ላይ 720 ጥርስ ያለው መንኮራኩር አስገባ። በሁለት ጥርሶች መሐል ሾልካ የወጣች ጨረር ሞንማርትር ደርሳ ስትመለስ ቀጣዩ ጥርስ በሩን ዘግቶ ይጠብቃታል። መንኮራኩሩ በሰከንድ 12.6 ጊዜ ያህል ሲዞር ብርሃኑ ድርግም አለ። ከዚህም ተነስቶ በሰከንድ 313,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚል ስሌት አወጣ፤ ከትክክለኛው ያለፈው አራት በመቶ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ጥርስ ቆጥሮ እዚህ ለደረሰ ሰው እጅ እነሳለሁ።

ፍጥነቱ ከታወቀ ወዲያ ጥያቄው ተገለበጠ፤ ጊዜውን የቆጠረ ርቀቱን ያገኛል። የጠፋው አጭርና ቀጭን የብርሃን ብልጭታ ነበር። እሱንም በግንቦት 1960 ቴዎዶር ሜይማን ካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ ውስጥ ከሩቢ አወጣው፤ ሌዘር ተባለ። በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ብርሃን መላሽ ሰሌዳ ጨረቃ ላይ ትተው መጡ። ከምድር በሚላክ ሌዘር ስትለካም በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር እየሸሸችን መሆኗ ታወቀባት። የቅጣት ወረቀት ግን ማንም አልጻፈላትም።

ወረቀቱ የደረሰው ቨርጂኒያ ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። «እንዴት ያን ሁሉ መኪና አልፎ እኔን ለየኝ?» እያለ ሲብከነከን አስረዳሁት። ፖሊሱ የያዛት መሣሪያ የምትለቀው የሌዘር ጨረር ቀጭን ስለሆነ አንድ መኪና ይመርጣል፤ የተወደደው ዒላማም ታርጋው ነው፤ ማታ እንዲያንጸባርቅ ስለተሠራ ብርሃኑን ወደመጣበት ይመልሰዋል። መሣሪያዋ ለዓይን የማይታዩ ብልጭታዎች ታከታትላለች፤ ሴንሰሯ እያንዳንዱ የተመለሰበትን ጊዜ ይይዛል። ብርሃን በሰከንድ ቢሊዮንኛ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ፣ ቆጠራው በዚያች ታህል ቢዛነፍ ርቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ይስታል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና በሰከንድ ሲሶ ዘጠኝ ሜትር ይቀርባል፤ ርቀቱ እያጠረ የሄደበት መጠን ፍጥነቱ ነው።

«ታዲያ አትሳሳትም?» አለኝ በጉጉት። ትሳሳታለች። የፖሊሱ እጅ ተንቀሳቅሶ ጨረሩ ከፊት መስተዋት ወደ ታርጋ ቢንሸራተት፣ መኪናው ካለው ፍጥነት በላይ የሮጠ ሊመስል ይችላል። ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ዳኛው ፊት የሚናገረውን ማሰናዳት ጀመረ። እኔ ግን አላቆምኩም። ፖሊሱ የቆመው መንገዱ ዳር እንጂ መሐሉ ላይ ስላልሆነ መኪናውን በሰያፍ ነው የሚያየው። በ10 ዲግሪ ማዕዘን 100 የሚሮጥ መኪና 98.5 ተብሎ ይነበባል።

«እና?»

«እናማ ምናልባት ከተጻፈብህ በላይ እየነዳህ ነበር።»

ትንሽ ዝም ብሎ «አንተ ፍርድ ቤት ባትመጣም ይቻላል» አለኝ።