የመንጋጋው ዕዳ

ኪነ ጥበብ የዘራው ፍርሃት ምን ያህል ዘመን እንደሚታጨድ ለመረዳት የታላቁን ነጭ ሻርክ ታሪክ መመልከት ይበቃል። አሜሪካዊው ደራሲ ፒተር ቤንችሊ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው «መንጋጋ» የተሰኘ ልብ ወለድ በዓመቱ በስቲቨን ስፒልበርግ አዘጋጅነት ለፊልም በቃ። ፊልሙ ግሩም ፊልም መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ተመልካቹ ከአዳራሹ የወጣው ይህን ዓሣ ሰው አሳዳጅ ቂመኛ አድርጎ ነው። እርግጥ ነው፣ ዓሣው ሰው ይነክሳል፤ ይገድላልም። ቂሙ ግን የደራሲው ፈጠራ ነበር። ቤንችሊም ይህንኑ ተገንዝቦ በ2006 እስኪሞት ድረስ ለሻርኮች ጥበቃ ሲሟገት ኖሯል።

ሴቷ ለመራባት 30 ዓመት ያህል እንደሚፈጅባት ስለሚገመት የተገደለው በቀላሉ አይተካም። ደቡብ አፍሪካ በ1991 ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ይህን ዓሣ በሕግ ከለለች።

ይሁን እንጂ ሕዝብ ሁሉ የፊልሙ እስረኛ ሆኖ ቀርቷል ማለት አይቻልም። በምዕራብ አውስትራሊያ በሦስት ዓመት ውስጥ 7 ሰዎች በሻርክ ተነክሰው ሞቱ፤ የቤተሰቦቻቸውን ሐዘን ማቃለል አይገባም። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በ2014 መጀመሪያ በመዋኛ ዳርቻዎች አጠገብ ሥጋ የተሰካባቸው መንጠቆዎች ዘረጋ። የፈራው ሕዝብ ያጨበጭባል ተብሎ ሲታሰብ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ዋናተኞች በሚያዘወትሩት በኮትስሎ ዳርቻ ተሰብስበው ተቃወሙ። 172 ሻርኮች ተያዙ፤ አብዛኞቹ ነብር ሻርኮች ነበሩ። ዋናው ተከሳሽ፣ ነጩ ሻርክ፣ አንድም አልተገኘም። በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ሥራው እንዳይቀጥል መከረ፤ መንግሥትም የሦስት ዓመቱን ዕቅድ ተወው።