ሞግዚቷ የምታድርበት ክፍል

ለዛሬ ወደ በርሊን ከተማ ይዣችሁ ልሂድ። በዚያች ከተማ ኮልቪትስ አደባባይ የሚባል፣ ዛፍ የበዛበትና የሕፃናት መጫወቻ ያለበት ሥፍራ አለ። ስሙን ያገኘው በዚያው ሰፈር ከ50 ዓመት በላይ ከኖረችው ሠዓሊ ከኬቴ ኮልቪትስ ነው። ሐውልቷም ከነሐስ ተሠርቶ እዚያው ተቀምጧል፤ ልጆች ይወጡበታል፣ ይንጠላጠሉበታል፤ የሚቆጣቸውም የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአደባባዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ዐረፍ ስል፣ ሁለት ልጆች የያዘች ወጣት አጠገቤ ነበረች። እናታቸው መስላኝ «እግዜር ያሳድግልሽ» ልላት ምንም አልቀረኝም። ለካስ ከጆርጂያ የመጣች የ21 ዓመት ልጅ ኖራለች! በእንግሊዝኛ ስንጨዋወት «እኔ ኦ ፔር ነኝ» አለችኝ።

ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ «በእኩልነት» እንደ ማለት ይሆናል። ይኸውም ከውጭ አገር የመጣች ወጣት፣ ወንዶችም አሉበት፣ ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖረች ልጆች ትጠብቃለች፣ በቀላል የቤት ሥራም ታግዛለች። ቤተሰቡ በፈንታው ምግብ፣ መኝታና የኪስ ገንዘብ ይሰጣታል፤ እርሷም የአገሩን ቋንቋ ትማራለች። የአውሮፓ ምክር ቤት በ1969 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳይ በስትራስቡርግ ያወጣው ስምምነት፣ እንዲህ ያለች ወጣት ተማሪም ሠራተኛም አይደለችም፤ የሁለቱም ጠባይ ያላት ልዩ ወገን ናት ይላል። በጀርመን ደንብ ሥራው በቀን ከ6፣ በሳምንት ከ30 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ የራሷ ክፍልም ሊኖራት ይገባል። ቆይታዋ ቢበዛ አንድ ዓመት ነው።

ታዲያ ችግሩ ከዚያችው «ልዩ ወገን» ከምትለዋ ቃል ላይ ነው። «የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ክፉ አልነበሩም» አለችኝ ልጅቱ። «የቤተሰባችን አባል ነሽ ይሉኛል። እንግዳ ሲመጣ እስከ እኩለ ሌሊት ሳህን አጥባለሁ። የቤተሰብ አባል ደግሞ እንዴት ሰዓት ይቆጥራል? አፍሬ ዝም አልኩ።» በሦስተኛው ወር ወደ ሌላ ቤተሰብ ተዛወረች። በአዲሱ ቤት የሥራ ሰዓቷ በወረቀት ተጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ኖርዌይማ ነገሩ የርካሽ ጉልበት መግዣ ሆነ በሚል፣ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ ለሚመጡት ይሰጥ የነበረውን የኦ ፔር ፈቃድ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. አስቀርታለች።

«በእናንተ አገርስ ልጆችን ማን ይጠብቃል?» ስትል ጠየቀችኝ።

ከገጠር የሚመጡ ልጃገረዶች እንዳሉ፣ እኔም ቤት አንዷ እንዳለች ነገርኳት።

«ክፍሏ ከልጆቹ ክፍል ይርቃል?»

አንባቢዬ ሆይ፣ ምን ልበላት? እኔ ቤት ያለችው ልጅ የምታድረው ከልጆቼ አልጋ ሥር፣ ማታ ተዘርግቶ ጧት በሚጠቀለል ፍራሽ ላይ ነው። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «እንደ ልጄ ናት» እላለሁ። ማታ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ ግን አንድም ቀን ቆጥሬ አላውቅም።

«አይርቅም» አልኳት። ልጅቱ ሰዓቷን አየች፤ 11 ሰዓት ሊሆን ነው። የልጆቹን ጫማ ከአሸዋው አራግፋ አለበሰቻቸውና፣ የቋንቋ ትምህርቴ ደረሰ ብላ ተነሣች።