የአያቴ ግራ ዓይን

የአያቴ ፎቶ አንድ ነው፤ ቅጂው ግን ሁለት። አንዱ ብቸና እናቴ ቤት፣ ሌላው ሞጣ አክስቴ ቤት ኖሯል። ከአንድ ኔጌቲቭ የታጠቡ መንትዮች ናቸው፤ ዕድላቸው ግን ለየቅል ሆነ። የብቸናው ጣራ ሲያፈስ ውሃ አግኝቶት፣ ከወገቧ በታች ያለው ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቆ ተላጠ። የሞጣው ምድጃ ባለበት ክፍል ተሰቅሎ ስንት ዓመት ጭስ ጠጣ፤ ቀሚሷና እጆቿ ደህና ናቸው፣ ፊቷ ግን ጠቁሮ ሊለይ አልቻለም። ሁለቱ ቢጋጠሙ አንድ ሙሉ ሴት ይወጣቸዋል።

ፎቶ ማቀናበር የተማርኩት ይህንን ለመሥራት ነው። ፎቶሾፕ መግዛት አቅሜ ስላልነበረ በነፃ የሚገኘውን ጂምፕን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩ። የብቸናውን ከተማው ውስጥ ያለ ፎቶ ቤት በ600 ዲፒአይ ስካን አደረገልኝ። በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ስደርስ ግን አክስቴ «እሷ ከዚህ ቤት አትወጣም» አለች። ስለዚህ ከመስተዋቱ አውጥቼ፣ በሩ ሥር፣ ጥላ ላይ፣ ያለ ፍላሽ በስልኬ አነሳኋት። ፍላሽ ወረቀቱን ያንፀባርቀዋል፤ የደጅ ጥላ ግን እኩል ብርሃን ይሰጣል።

የሙያው ቁልፍ ሌየር የሚሉት ነገር ነው። ጋቢ አራት ድርብ እንደሆነው ሁሉ ምስሉም ድርብ በድርብ ይነባበራል። ፎቶሾፕ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን ሌየር የመጣለት በ1994 ነው። የብቸናውን ከላይ፣ የሞጣውን ከሥር አደረግኩና ለላይኛው ማስክ ሰጠሁት። ማስኩን በጥቁር ስትቀባው የላይኛው ይደበቃል፣ በነጭ ስትቀባው ተመልሶ ይገለጣል። የሚጠፋ ነገር የለም። የተላጠውን ቀሚስ በጥቁር ስነካው ከሥር የሞጣው ቀሚስ ብቅ አለ።

ጭረት ማጥፋቱ የበለጠ ማስተዋል ይጠይቃል። ሂሊንግ የሚባለው ብሩሽ ዙሪያውን ካለው ቆዳ ወይም ጨርቅ ናሙና ወስዶ እንከኑን ይሸፍናል። ነገር ግን ጭረትና ንቅሳት ለእሱ አንድ ናቸው፤ የአያቴን የአንገት ንቅሳትም እንደ ቆሻሻ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ከኔጌቲቩ የመጣ ጭረት ካልሆነ በቀር፣ በሁለቱም ቅጂ ላይ ያለ የእሷ ነው፤ ባንዱ ብቻ ያለ የወረቀቱ ነው። ሁለት ምስክር ያላገኘውን ብቻ አጠፋለሁ።

ሕጉ እስከ ግራ ዓይኗ ድረስ ሠራ። ያ ዓይን በሁለቱም ቅጂ የጠፋ ነው። ትራኮማ ነው፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያጠፋዋል። የአማራ ክልል በዚህ በሽታ በዓለም እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ከወንድ ይልቅ ደግሞ ሴቷን ያጠቃል።

አክስቴ በላፕቶፑ ላይ ስታያት ቆየችና «እንግዲህ ካወቅህበት፣ ያችን ዓይኗን ግለጥልኝ» አለች።

ሥራው ቀላል ነው። ቀኙን ዓይን ቀድቶ፣ እንደ መስተዋት ገልብጦ፣ በግራው ቦታ ማስቀመጥ፤ ከዚያ ብሌኑ ላይ ያለችውን የብርሃን ነጥብ ወደ ትክክለኛው ጎን መመለስ። ከባዱ መፍቀዱ ነው። ለእናቴ ደወልኩላት። «ባንድ ዓይኗ ነው ያሳደገችን። ሁለት ዓይን ያላትን ሴትዮ እኔ አላውቃትም» አለችኝ።

ይህንን ለአክስቴ ስነግራት አልተቆጣችም። «እናትህ ታናሽ ናት። ስትወለድ ያ ዓይን ጠፍቷል። እኔ ግን ደህና ሆኖ አይቼዋለሁ፤ በሁለቱም ነው ያየችኝ» አለች።

ሕጌ መልስ አልነበረውም። ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ምስክር ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ለነገሩ ፎቶን በእጅ ማሳመር ኮምፒውተር ያመጣው አይደለም፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ጥቁርና ነጩን ፎቶ በእጅ ቀለም ይቀቡት ነበር። ማየት የምንፈልገውን ማየት የቆየ ልማድ ነው። የተለወጠው ፍጥነቱና ምልክት አለመተዉ ነው፤ የብሩሽ ቀለም ዳናውን ይተዋል፣ የእኔ ዓይን ግን ምንም ዳና የለውም።

ዳናውን እኔው መተው ነበረብኝ። ዓይኑን ለብቻው ሌየር ላይ ሠራሁት፤ ስሙንም «የእታለም» አልኩት። ፋይሉን ሌየሮቹ እንደተነባበሩ አስቀመጥኩ፤ ጄፔግ ብቻ ቢቀር ሁሉም ተጨፍልቆ ወደ ኋላ መመለሻ አይኖርም። ለብቸና ያ ሌየር ጠፍቶ፣ ለሞጣ በርቶ ሁለት አሳተምኩ። በሞጣው ጀርባ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፦ «ግራ ዓይኗ ከቀኙ ተወስዶ የተሠራ። እንዳለው ያለው ብቸና ነው።»

አክስቴ ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። «ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጀርባውን ማን ያየዋል?» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «ግዴለም፤ ይኑር። ስሞት ልጆቹ ሲያወርዷት ያዩታል» አለችኝ።