ላፕቶፑን ያጠፋው ብርድ ነበር



ባለፈው ታኅሣሥ እዚሁ ኮልፌ ቀራኒዮ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛን። ከሱብሒ ሶላት መልስ ስንከፍተው 30 በመቶ ቻርጅ እያሳየ ድርግም ብሎ ይጠፋል። «ሻጩ አታለለን!» ብለን ለሰፈሩ ሁሉ አወራን። ቀን ላይ ግን ያው ላፕቶፕ ደህና ይሠራል።

አንድ ጠጋኝ ወንድም «ሌሊት የት ነው የሚያድረው?» አለን። በር ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ።

የሊቲየም ባትሪ ኃይል የሚሰጠው በኬሚካላዊ ሂደት ነው። ሲቀዘቅዝ ሂደቱ ይዘገያል፤ በተለይ ያረጀ ባትሪ ሥራ ሲበዛበት ቮልቴጁ ይወርድና ማሽኑ ይጠፋል። ቻርጁ አላለቀም፤ ሲሞቅ ይመለሳል። አንዳንድ አምራቾች ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ተጠቀሙ ይላሉ፤ የከተማችን የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከ10 በታች ይወርዳል።

አሁን በቦርሳው ሆኖ ከወለል ከፍ ብሎ ያድራል፤ አልሐምዱሊላህ፣ ጠዋትም አይጠፋም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ከሰል አጠገብ ግን አታሙቁት።

ሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 12 ከመጥፎ ጥርጣሬም ከሐሜትም ይከለክለናል። እኛ ሁለቱንም ሠራን። ሻጩን «አፉ በለን» ብለነዋል፤ እሱም አፉ ብሎናል። ስሙን ያነሳንባቸው ሰዎች ዘንድ እየዞሩ ማስተካከሉን ግን ገና አልጨረስንም።