የአደራ አበባ

አንባቢ ሆይ፤ አበባ ማሳደግ ለባለ ጸጋና ለጡረተኛ የተተወ ሥራ መስሎህ እንደ ሆነ፥ እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንዳንተ አስብ ነበር። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለምሳ ተከፍሎ ሲያልቅ ስለ አበባ የሚጨነቅ ልብ አይተርፈኝም ነበርና።

ነገሩን ያመጡብኝ አከራዬ ናቸው። እማማ ባለፈው ጥር ለሕክምና ወደ ልጃቸው ወደ አሜሪካ ሲሄዱ የግቢውን ቁልፍ ሰጡኝና ወደ በረንዳው ወሰዱኝ። በትልቅ ሸክላ ውስጥ፥ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ቁጥቋጦ፥ ቅጠሉ እስከማይታይ ድረስ ሮዝ አበባ ለብሶ ቆሟል። «አዛሊያ ይባላል፤ ነፍሳቸውን ይማረውና ባለቤቴ ያመጡልኝ ነው። አደራህን ልጄ» አሉኝ። እኔም «እኔ እያለሁ ምን ይሆናል ብለው ነው?» አልኋቸው።

አበባው ረገፈ፤ ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። በመጋቢት ግን ቅጠሉ ይገረጣ ጀመር። ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደ ሆኑ በመካከላቸው ያለው ሁሉ ብጫ ሆነ። ርቦት ነው አልሁ። ያደግሁት እናቴ የምድጃዋን አመድ በጓሮ ጎመን ሥር ስትበትን እያየሁ ነው፤ ጎመኗም የሚያስቀና ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤት አመድ እየለመንሁ በአዛሊያው ሥር አፈስስ ጀመር። ብጫነቱ ሲብስ አመዱን ጨመርሁ።

በዚህ መካከል እማማ ስልክ ደወሉ። ስለ ጤናቸው ሳይነግሩኝ «አበባዬ እንዴት ነው?» አሉ። «ደኅና ነው፤ እንዲያውም አድጓል» አልሁ። ይህን ስናገር የቆምሁት ከተክሉ አጠገብ ነበር።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርህ፤ እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በግንቦት ለዘጠነኛ ክፍል ስለ አሲድና ስለ ቤዝ ሳስተምር አመድ በውኃ በጥብጬ ቀይ የሊትመስ ወረቀት ነከርሁበት፤ ወረቀቱም ሰማያዊ ሆነ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጅዋን አንሥታ «መምህር፥ አመድ አፈሩንስ እንዲሁ ይለውጠዋል?» አለች። «ይለውጠዋል» አልሁ። የቀረውን ትምህርት እንዴት እንደ ጨረስሁት አላስታውስም።

ያን ማታ መጽሐፍ ገለጥሁ። አዛሊያ ሮዶደንድሮን ከሚባለው ወገን ነው፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅለው የእኛው አስታም የሩቅ ዘመዱ ነው። የሚስማማው አፈር አሲድነት ያለው፥ ፒኤቹ ከ4.5 እስከ 6 የሚደርስ ነው። አመድ ይህን ቍጥር ከፍ ሲያደርገው፥ ብረት በአፈሩ ውስጥ ቢኖርም ሥሩ ሊስበው አይችልም። ጎተራው ሞልቶ በሩ እንደ ተቈለፈበት ሰው ይራባል ማለት ነው። ስሙ «ደረቅ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ተክሉ ግን ድርቀትን አጥብቆ ይጠላል። የተሳሳትሁት እኔ ብቻ አለመሆኔ ጥቂት አጽናናኝ።

በማግሥቱ ነቅዬ አመድ የነካውን አፈር አራገፍሁ። አንተም እንዲህ ያለ ተክል ካለህ ሥሩን ተመልከት፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ወደ ጎን ይሰራጫል እንጂ ወደ ታች እምብዛም አይወርድም። ስለዚህ በጥልቅ መትከልም፥ ዙሪያውን መኰትኰትም ይጎዳዋል። ውኃ እንዳይቋጥር የሸክላውን ቀዳዳ ከፈትሁ፤ ከፈረንጅ ጽድ ሥር የበሰበሰ ቅጠል አምጥቼ ከቀይ አፈር ጋር ቀላቅዬ መልሼ ተከልሁት፤ ላዩን በደረቅ የጽድ ቅጠል አለበስሁት። የጠዋት ፀሐይ እንጂ የቀትር እንዳያገኘው ጥግ አስያዝሁት። ክረምት ሲገባም የጣራውን ዝናብ በባልዲ እያጠራቀምሁ አጠጣሁት። መቀሱን ግን ደበቅሁ፤ ቅርንጫፉ የሚገረዘው አበባው እንደ ረገፈ ወዲያው ነው፤ ዘግይቶ የቆረጠ ሰው የሚመጣውን ዓመት እንቡጥ ይቆርጣል። ቅጠሉ ለበግና ለፍየል መርዝ ስለ ሆነም የእንቁጣጣሹን በግ ከግቢው ማዶ ጥግ አሰርሁት፤ ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ።

በነሐሴ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለ፤ ግማሹ ቅርንጫፍ ግን ደርቆ ቀረ። በዚያ ሳምንት እኔው ራሴ ደወልሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ አመዱንም፥ ውሸቴንም። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ «ጎመን መሰለህ እንዴ ልጄ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ እስክመለስ ያብባል?» ሲሉ ጠየቁኝ። እንደማላውቅ ነገርኋቸው።

ትናንት ማታ ቈጥሬዋለሁ፤ እንቡጡ ስድስት ነው።