ከሰኞ ጀምሮ

ባለፈው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ከኮሌጁ ኢሜይል ደረሰኝ። ከተመዘገብኩባቸው አራት ኮርሶች ሁለቱን ስላልጨረስኩ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ የሚቀጥለው ሴሚስተርም እንዲሁ ካለፈ የገንዘብ ድጋፉ ይቋረጣል። ለማታውቁ፣ በአብዛኞቹ ኮሌጆች የፌዴራል ድጋፍ እንዲቀጥል ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት 67 በመቶውን ማጠናቀቅ፣ አማካይ ውጤታችሁም ከ2.0 እንዳይወርድ ማድረግ አለባችሁ። እኔ ግማሹን ብቻ ነበር የጨረስኩት።

ትምህርቱ ከብዶኝ አልነበረም። ዕቅድም አላጣሁም። እሁድ ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ሳምንቱን በወረቀት አወጣ ነበር፦ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት መነሳት፣ ሁለት ሰዓት ሒሳብ፣ ጂም፣ ከመኝታ በፊት ንባብ። ሰኞ ሁሉንም አደርጋለሁ። ማክሰኞ ግማሹን። ረቡዕ አውሮራ ሀቫና መንገድ ላይ ከምሠራበት የሀበሻ ግሮሰሪ አምሽቼ ስመለስ ልብሴን ሳላወልቅ እተኛለሁ። ሐሙስ ላይ «ይሄ ሳምንት ተበላሽቷል፣ ከሰኞ ጀምሮ» እላለሁ። አንድ ሴሚስተር አስራ አምስት ሰኞ ያህል አለው። ሁሉንም ጀምሬአቸዋለሁ።

ኢሜይሉን ከእማዬ ደበቅኩት። እማዬ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ነው የምትሠራው፤ እንግልውድ የምንኖርበትን ቤት ኪራይ የሚከፍለው የእሷ እንቅልፍ ማጣት ነው። ያልነገርኳት ፈርቼ ሳይሆን አፍሬ ነው። ሁዳዴ ከገባ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ስትገባ ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ታዲያ ዛሬ አጥንተሃል?»

«ከሰኞ ጀምሮ…»

«ዛሬ ማክሰኞ አይደል እንዴ?» ብላ ወደ መኝታዋ ሄደች።

ያን ቀን እሷን ማየት ጀመርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አድራ፣ ጥቂት ተኝታ ትነሳለች፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አትቀምስም። ሃምሳ አምስት ቀን። «እንዴት ነው የምትችይው?» ስላት ጥያቄው ራሱ አልገባትም። «ምኑን? ጾም ነዋ» አለችኝ። እማዬ በየቀኑ «ልጹም ወይስ ልተው?» ብላ ከራሷ ጋር አትከራከርም። ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ የሚበላውም አስቀድሞ ተወስኗል። እኔ ግን በየማታው ከራሴ ጋር ድርድር ተቀምጬ በየማታው እሸነፍ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት በሁዳዴ መሀል ታማ ጥቂት ቀን አልጾመችም። ሲሻላት ከቆመችበት ቀጠለች፤ የሚቀጥለውን ዓመት ሁዳዴ አልጠበቀችም። ግሮሰሪው ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ሙስሊም ጓደኛዬም ረመዳን ላይ ሲታመም ያመለጠውን ቀን በኋላ ቀዷ ያወጣዋል እንጂ ወሩን አይጥለውም። አንድ ቀን ስላመለጠኝ ሳምንቱን የምጥለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሴሚስተሩ ሊያልቅ አስር ሳምንት ቀርቶት ነበር። የግድግዳውን ዕቅድ ቀደድኩና አንድ ነገር ብቻ ያዝኩ። ከእንግልውድ ጣቢያ ወደ ኦራሪያ ካምፓስ የምሄደው በዲ መስመር ባቡር ነው፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ያን ሰዓት ስልኬ ላይ ነበር የምጨርሰው። አሁን የባቡሩ በር ሲዘጋ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ የሒሳብ ደብተሩ ይወጣል። ኢቫንስ፣ ብሮድዌይ፣ አላሜዳ እያለ ኦራሪያ እስኪደርስ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይሠራል። ደርሶ መልስ አርባ ደቂቃ፣ በሳምንት አራት ቀን፤ ሲደመር 160 ደቂቃ። ከዚያ በፊት በሳምንት ይህን ያህል ሒሳብ አጥንቼ አላውቅም።

በኋላ በሥነ ልቦና ኮርስ ላይ ይህ ነገር የተጠና መሆኑን ተማርኩ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉ ተመራማሪ «አጠናለሁ» ብሎ ከመወሰን ይልቅ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ መወሰን የበለጠ እንደሚሠራ አሳይተዋል። እነ ፊሊፓ ላሊ ደግሞ በለንደን 96 ሰዎችን አጥንተው በ2010 ባወጡት ጽሑፍ፣ አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ፣ እንደ ሰውና እንደ ነገሩ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ሊለያይ እንደሚችል ገመቱ። 21 ቀን ይበቃል ሲባል የሰማችሁ፣ ሲያልፍ ካልቀለላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም።

እኔም ዘልያለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሐሙስ፣ ሁለት ፈረቃ ሠርቼ ባደርኩ ማግስት፣ ባቡሩ ውስጥ ደብተሩን እንዳቀፍኩ እንቅልፍ ወሰደኝና ጣቢያዬን አልፌ ሄድኩ። ክፍልም አረፈድኩ። «ከሰኞ ጀምሮ» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ማታ ስመለስ በሩ ተዘጋ፤ ደብተሩን አወጣሁ። አንድ ጥያቄ ሠራሁ፤ እሱንም ተሳስቼ።

ሒሳቡን በቢ ማይነስ አለፍኩ፤ ድጋፉም ቀጠለ። አሁንም ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት አልነሳም፣ ጂሙንም አልጀመርኩም። ያለኝ አንድ ባቡርና አንድ ደብተር ነው። የእናንተ ምናልባት ከሥራ በፊት መኪና ውስጥ የምትቀመጡባት አስር ደቂቃ ትሆናለች፣ ወይም ቡናው እስኪፈላ ያለችው ጊዜ። ትንሽ ትሁን፤ ቦታና ሰዓት ይኑራት፤ ካመለጠችም በሚቀጥለው ዙር ያዟት።

ይህን የምታነቡት ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከሆነ፣ ጥሩ ቀን ነው። ሰኞን አትጠብቁ።