የዶሮውን አጥንት ለሻምበል አትስጡ

ዛሬ ለበዓል የመጣው ዘመድ በሙሉ ቡችላዬን ሻምበልን ሊገድልብኝ ተማክሮ የመጣ ነው የሚመስለው። ለዚያውም በፍቅር! አንዱ ከጠረጴዛው ሥር የመላላጫ አጥንት ያቀብለዋል፣ ሌላዋ «ውይ አንጀቴን በላው» ብላ ቁሌት የጠገበ እንጀራ ታጎርሰዋለች። እኔ ከወንበር ወንበር እየዞርኩ ስቀማ ዋልኩ። ከእንግዶቹ መካከል ጋሼማ «ውሻ አጥንት ካልበላ ምን ሊበላ ነው? ሰላጣ?» ብለው ቤቱን በሳቅ ጨረሱት።

እሺ ጋሼ፣ እንግዳው ስለሄደ አሁን ልመልስልዎት።

ሻምበል ጥርስ እየቀየረ ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው፤ ሦስት አራት ወር ሲሞላው መውለቅ ይጀምራሉ፣ ስድስት ሰባት ወር እስኪሆነው ድረስ 42 ቋሚ ጥርስ ይተካቸዋል። በዚህ መሀል ድዱ ስለሚያመው ያገኘውን ያኝካል፤ ቻርጀሬን፣ የአከራዬን ምንጣፍ፣ ባለቤቱን የማልናገረውን ጫማ። ባለፈው ሳምንት አንዷን ጥርሱን ፎጣ ላይ ተሰክታ አገኘኋት። የሩዝ ፍሬ ብታክል ነው፣ ጫፏ ግን ይወጋል፤ ዙሪያዋ ትንሽ ደም ነክቶታል። በልጅነታችን እንደምናደርገው ጣሪያ ላይ ልወረውራት አሰብኩና ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንደምኖር ትዝ አለኝ።

የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ሲነከስ ይሰነጠቅና ይሾላል፤ ጉሮሮ ውስጥ ይሰነቀራል፣ አንጀት ይበሳል። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ቢቁላሉም መርዝነታቸው አይጠፋም። እንግዲህ ዶሮ ወጥ ምን እንደሚገባበት ለእናንተ አልነግርም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ትሉኛላችሁ፤ አጥንት የተሰነቀረበት ግን አይጮኽም።

«እኛ ቤት ያደጉት ውሾች ሁሉ አጥንት በልተው ነው የኖሩት» አሉ ጋሼ። ኖሩ? እስቲ የቤታችንን ውሻ ቦቢን እናንሳ። ፋሲካ ባለፈ ሰሞን ያስመልሰው ጀመር፣ ውኃ እንኳን አልቀምስ አለ፣ ማገዶ ቤት ገብቶ እዚያው ቀረ። ያን ጊዜ ውሻ ሲሞት ምርመራ አያስፈልግም፤ ጎረቤት መርዞት ነው! ከታች በኩል ያሉት ሴትዮ በጩኸቱ ተማርረው ያውቁ ስለነበር ፍርዱ በዚያው ተሰጠ። እናቴ ከሳቸው ጋር ቡና መጠጣት አቆመች። ዕድር ላይ ሲገናኙ እንኳን ሰላምታቸው በአገጭ ነበር። ሴትዮዋ ሲያርፉ ለቅሶ ደረሰች፣ ግን ድንኳኑ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቶሎ ተነሣች። መርዝ ይሁን አጥንት ዛሬ ማወቅ አይቻልም። በዚያ ፋሲካ ግን ሳህን ሙሉ አጥንት ለቦቢ የዘረገፈለት ማን እንደነበር ጋሼ ያውቁታል። በዚህ አገር ስንቱ ጎረቤት በዶሮ አጥንት ተኳርፎ እንደቀረ ሳስብ ያመኛል፤ ከምሬ ነው።

ይቅር። ወደ ሻምበል።

በአጥንት ፋንታ የሚሰጠው መጫወቻ በጥፍር ይፈተናል፤ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ጫን ስታደርጉበት ትንሽ ካልሰረጎደ ለጥርሱ ይከብዳል። ስለዚህ የሉካንዳው ቅልጥምም ይቅርበት፣ ጥርስ ይሰብራል። መጫወቻው አፉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የማይገባ፣ ክሩ የማይመዘዝ፣ ዓይንና ቁልፍ ያልተሰፋበት ይሁን። «ለቡችላ ተብሎ የተሠራ ነው» ተብዬ የተሸጠችልኝን የጎማ ዳክዬ ቡና ሳይፈላ ሆዷን ቀዶ ፉጨቷን ሊውጣት ሲል ከአፉ ነጠቅኩት። ዋጋዋን አልናገርም፣ እናቴ ታነባለች።

እርጥብ ፎጣ ጠምዝዛችሁ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩለት፣ ድዱን ያደነዝዝለታል፤ ሲተለተል ግን ውሰዱበት። ወፍራም ካሮትም ሙሉውን ቀዝቅዞ ይሆናል፣ አጠገቡ ሆናችሁ እያያችሁ። ልትጠይቁኝ ስትመጡ ደግሞ ቦርሳችሁን ከሶፋው ላይ አንሡልኝ፤ አንዳንድ ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል፣ ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ ሁሉም ለውሻ መርዝ ናቸው። አጥንት ከዋጠና ካስመለሰው ወይም ምግብ ከተወ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው፤ በግድ አታስመልሱት፣ ሲወጣም ይወጋል።

አሮጌ ሸበጥ «ይጫወትበት» ብላችሁ አትስጡት። አሮጌውን ከአዲሱ አይለይም፣ እዚህ ፎቅ ላይ ደግሞ የሁሉም ጫማ በር ላይ ነው የሚያድረው።

በቃ፣ ደከመኝ።